ደረጃውን ማን ይጠርጋል? በደብረ ብርሃን ከኮንዶሚኒየምና ከግቢ ቤት አንዱን ስንመርጥ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ እኔና ባለቤቴ በደብረ ብርሃን ከተማ የመጀመሪያ ቤታችንን ለመግዛት ተነሣን፤ ከብዙ ፍለጋና ከብዙ ደላላ በኋላም ሁለት ምርጫዎች ቀሩን። አንደኛው ከገበያው ብዙም በማይርቅ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ውስጥ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው በከተማው ዳር፣ የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተው በሠሩት ሰፈር፣ በ150 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ያረፈ ግቢ ያለው ቤት ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ስለነበር ገንዘቡ ምርጫውን ሊያቀልልን አልቻለም። አምስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 እና የ6 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም አባቴ ካረፈ በኋላ ከመንዝ፣ ከሞላሌ መጥታ ከእኛ ጋር የምትኖረው እናቴ። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ነገር እያወጡ እያወረዱ ላሉ ሰዎች በዚያ ሰሞን ያየሁትን ለማካፈል ነው፤ በተለይም እኔ ሳልጠይቀው ያለፍኩትን፣ እናቴ ግን የጠየቀችውን አንድ ጥያቄ።

ምክር የጠየቅነው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ግቢውን ግዙ ብሎናል። «ምንም ቢሆን መሬት መሬት ነው» ያለን አለ፤ «ፎቅ ላይ የምትገዛው አየር ነው» ያለንም አለ፤ «ነገ ከነገ ወዲያ ሰርቪስ ትሠራበትና ታከራየዋለህ» ያሉን ደግሞ ብዙ ናቸው። እኔም ከልቤ የምፈልገው ግቢውን ነበር። ከተጋባን ጀምሮ 11 ዓመት የኖርነው በሰው ግቢ፣ ከዋናው ቤት ኋላ በተደረደሩ ሰርቪስ ክፍሎች ውስጥ ተከራይተን ነው። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ፣ በአንድ ቆጣሪና በአንድ መጸዳጃ ቤት እንጠቀም ነበር፤ የመብራት ሒሳብ በመጣ ቁጥር ማን ስንት ምጣድ ጋገረ የሚለው ክርክር ይነሣል፤ የውጭው በር ከምሽቱ 3 ሰዓት ይቆለፋል፤ እንግዳ የበዛብን እንደሆነ የውኃው ነገር ይነገረናል። የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የተደነገገው በቅርቡ ነው፤ እኛ በተከራየንባቸው ዓመታት ዋጋው መጨመሩን የምናውቀው በተጨመረበት ዕለት ነበር። ስለዚህ የራሴ በር፣ የራሴ ቁልፍ፣ ከደጄ ወጥቼ የምቆምበት የራሴ መሬት የሚል ሐሳብ ለእኔ የቤት ትርጉም ራሱ ሆኖ ቆይቷል።

የግቢውን ቤት ለሁለተኛ ጊዜ ያየነው ኅዳር ላይ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ በዚያ ሰዓት የሄድነውም ሆን ብለን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ቁጥር ውርጭ ይወርዳል። በዚህ አገር ቤት የሚፈተነው በዚያ ሰዓት እንጂ ደላላ በሚያሳይበት በቀትር አይደለም። ስንደርስ በግቢው ሣር ላይ አመዳዩ እንደ ጨው ነጭቶ ነበር። ከሁለቱ መኝታ ክፍሎች አንዱ ኮርኒስ አልተመታለትም። ሌሊቱን በሰው ትንፋሽ የሞቀውና የረጠበው አየር ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ወደ ውኃነት ተለውጦ፣ ከቆርቆሮው ሥር በረድፍ በረድፍ ተንጠልጥሎ አድሯል። ፀሐይ ጣሪያውን መምታት ስትጀምር ጠብታው አንድ በአንድ ይወርድ ጀመር፤ ከአልጋው ራስጌ በላይ ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረች ላስቲክ ነበረች፣ በመሀሏም ውኃ አቁራለች። ልጄ እጇን ዘርግታ ጠብታውን ስትቀበል አስታውሳለሁ።

ይህ የሚስተካከል ነገር ነው። ኮርኒስ ይመታል፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከልም አየር የሚመላለስበት መውጫ ይተውለታል። የሚከብደው ግድግዳው ነው። ቤቱ በብሎኬት የተሠራ ሲሆን፣ ባዶ ሆድ ያለው ብሎኬት ቀን የተቀበለውን ሙቀት ይዞ አያድርም፤ የጥንቶቹ የደብረ ብርሃን የጥቁር ድንጋይ ቤቶችና በመንዝ የምናውቃቸው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳዎች ግን ቀን የጠጡትን ፀሐይ ሌሊት ቀስ እያሉ ይሰጣሉ። እናቴ ግድግዳውን በመዳፏ ዳስሳ «ይሄ ቀጭን ነው» ብቻ ብላ አለፈች። ግቢ ላይ ብቻውን የቆመ ቤት በአራቱም ጎኑና በጣሪያው ብርድ ይነካዋል፤ ከላይም፣ ከታችም፣ ከጎንም ጎረቤት ያለው የፎቅ ቤት ግን ከስድስቱ ፊቶቹ ምናልባት ሁለቱ ብቻ ናቸው ለውርጩ የተጋለጡት። ይህን በከተማችን ሰው ቤት ሲመርጥ ሲያነሣው አልሰማሁም፤ ማገዶና ከሰል እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ግን ዋና ጉዳይ ነው እላለሁ።

ፎቅም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። በኮንዶሚኒየሙ መጀመሪያ ያየነው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለና መስኮቶቹ ሁሉ ወደ ሰሜን የሚያዩ ነበር። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ በቀትርም ቢሆን ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምታልፍ፣ በሰሜን በኩል ያሉት ቤቶች በውርጩ ወራት በሙሉ ጨረር አይገባቸውም። ቀን 8 ሰዓት ላይ ገብተን በዚያ ሳሎን ውስጥ ጃኬታችንን ሳናወልቅ ነው የተነጋገርነው። በማግስቱ በዚያው ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ በደቡብ በኩል ያለ ቤት አየን፤ መስኮቱ ሥር የተቀመጠው ምንጣፍ ሞቆ ነበር። ሁለቱ ቤቶች በስፋታቸውም በዋጋቸውም እኩል ናቸው። ስለዚህ ቤት ልታዩ ስትሄዱ የካሬውን መጠን ከመጠየቃችሁ በፊት ፀሐይ በየት እንደምትገባ ቆማችሁ ተመልከቱ። የመጨረሻው ፎቅ ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር ስለሆነ የግቢው ቤት ያለበት ችግር ሁሉ አለበት።

አሁን ስለ ግቢው መልካም ነገር ልናገር፤ ብዙ ነውና። ግቢ ያለው ሰው ልብሱን የሚያሰጣበት፣ በርበሬውን የሚያደርቅበት፣ ጥራጥሬውን የሚያበጥርበት ቦታ አለው። ሁለት የመንዝ በጎችን አስሮ ለፋሲካ ያደልባል፤ ጓሮው ላይ ጎመንና ድንች፣ አጥሩ ሥር ጌሾ ይተክላል። መብራት ሲጠፋ በኩበት ይጋግራል፤ በከተማችን መብራት የሚጠፋበት ቀን ጥቂት ስላልሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ክርስትና ሲነሣ፣ ማኅበር ሲወጣ፣ ልጅ ሲዳር ድንኳኑን የሚተክለው ማንንም ሳያስፈቅድ ነው። ሐዘን ሲመጣም እንዲሁ ነው። የሰርቪስ ቤቱም ነገር እውነት ነው፤ ዩኒቨርሲቲው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩና ፋብሪካዎቹ ባሉበት ከተማ ሁለት ትርፍ ክፍል ያለው ሰው ተከራይ አያጣም። የኮንዶሚኒየም ባለቤት ግን ቤቱን ወይ ሙሉውን ያከራያል ወይ ይኖርበታል። ጠላ ጠምቃ፣ አረቄ አውጥታ የምትተዳደር ሴት፣ ወይም ቤቱ ሥራ ቦታውም የሆነ አናጺ፣ ግቢ ከማለት ሌላ ምርጫ ያለው አይመስለኝም።

በአንጻሩ የግቢ ቤት ማለት ከሰው ነጻ መሆን ማለት እንዳልሆነ የገባኝ በዚያው ሰፈር አመሻሽ ላይ ስንዞር ነው። አርባ የሚሆኑ ቤቶች አሉ፤ አጥሮቹ ረጃጅሞች፣ በሮቹም አዳዲሶች ናቸው። በሮቹን ከከተማው ጋር የሚያገናኘው መንገድ ግን ጭቃ ነበር። ጎርፍ የሚሄድበት ቦይ በአንደኛው ቤት ፊት ተቆፍሮ በሚቀጥለው ቤት ፊት ይቆማል፤ ውኃውም እዚያው ይተኛል። የመንገድ መብራት የለም። የሌሊት ጥበቃ ቀጥረው እንደነበርና ከሁለት ወር በኋላ ከፋዩ እያነሰ ስለሄደ ሰውዬው መሄዱን አንድ ጎረቤት ነገሩን። እነዚህ ሰዎች መሬቱን ለማግኘት በማኅበር ተሰብስበዋል፤ ገንዘባቸውን በጋራ አስቀምጠዋል፣ ዕጣ አብረው አውጥተዋል፤ ካርታው በየስማቸው ሲወጣ ግን ማኅበሩ ሥራውን እንደ ጨረሰ ተቆጠረ። መንገዱ፣ ቦዩ፣ ጥበቃው፣ የጋራ የሆነው ነገር ሁሉ ባለቤት የለውም። እያንዳንዱ ሰው ከአጥሩ ወዲህ ያለውን እያሳመረ ነው። እዚያ የሚኖሩትን ለመውቀስ አልጽፈውም፤ ቤት መሥራት ያለ የሌለ ገንዘብን ስለሚጨርስ ለመንገድ የሚተርፍ እንደማይኖር በሚገባ እረዳለሁ። ሆኖም ለሚገዛ ሰው ይህ የቤቱ አካል ነው።

እናቴ ደግሞ ሌላ ነገር አየች። የግቢውን በር ከፍታ ወጥታ ግራ ቀኝ ተመለከተችና «ሰዉ የት አለ?» አለች። ቀን ነበር፤ አባወራውም እማወራውም ሥራ ላይ፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት ናቸው። ሰንበቴ የለም፤ ዕድሩም ገና እየተቋቋመ ነበር። እስከ ቤተ ክርስቲያን በእግር 40 ደቂቃ ያስኬዳል፤ ለእርሷ እርምጃ ከዚያም በላይ ነው። መሬት ላይ ተወልዳ መሬት ላይ ያረጀች ሴት ግቢ ስታይ ደስ ይላታል ብዬ ነበር ያሰብኩት፤ እውነቱን ለመናገር ግቢውን የምፈልገው ለእኔ ሳይሆን ለእርሷ ነው እያልኩ ራሴን አሳምኜ ነበር። እርሷ ግን በሞላሌ የነበራት ግቢ ደጁ ሲከፈት ሰው የሚታይበት ነው እንጂ አጥር ብቻ የሚታይበት አልነበረም።

ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስንመጣ ችግሩን አስቀድሜ ልናገር። ሕንፃው ከምድር በላይ አራት ፎቅ ሲሆን ሊፍት የለውም። እስከ ሦስተኛ ፎቅ 54 ደረጃ ቆጥሬአለሁ። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣና ግፊቱ ሲያንስ ላይኛው ፎቅ ድረስ ስለማይወጣ፣ ከላይ ያሉት ሰዎች በጀሪካን ይቀዳሉ፤ 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ እርሱን ይዞ መውጣት ነው። ያየነው የሦስተኛ ፎቅ ባለቤት ሮቶ ባልኮኒው ላይ አስቀምጠው ነበር፤ ሙሉ ሮቶ ባልኮኒ ላይ ማኖር ባልኮኒው ያልተሠራለትን ክብደት መጫን ስለሆነ የሚያስፈራ ነገር ነው። የጎረቤት ድምፅ ይሰማል። በርበሬ ሲቆላ ጭሱ ሦስት ቤት ይገባል። በግ የሚታረደውና እንጀራ በማገዶ የሚጋገረው ለነዋሪዎቹ የጋራ አገልግሎት በተሠራው ቤት፣ በኮሚናሉ ነው፤ በበዓል ዋዜማ ተራ መጠበቅ ግድ ይላል።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን በሦስተኛው ጉብኝታችን ያየሁት ነው። በዚያ ቀን ከአራተኛ ፎቅ አስከሬን እየወረደ ነበር። ደረጃው ጠባብ በመሆኑና መታጠፊያው ላይ ሣጥኑ በአግድም ስለማይዞር፣ ስምንት የሚሆኑ ወንዶች ሣጥኑን ወደ ላይ አቁመው፣ አንደኛው ከታች በትከሻው ተሸክሞ፣ እያንዳንዷን መታጠፊያ በእርጋታ ያልፉ ነበር። ማንም አይናገርም ነበር፤ «ቀስ» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። በየፎቁ ያሉት በሮች ሁሉ ተከፍተው ነበር፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በየደጃቸው ቆመዋል። ከታች በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል ባለው ሜዳ ድንኳኑ ተተክሎ፣ የዕድሩ ወንበርና ብርጭቆ ተደርድሮ ጠብቋቸዋል። እኔ ከዚያ ደረጃ ጠባብነቱን ይዤ ወጣሁ። እናቴ የተከፈቱትን በሮች ይዛ ወጣች።

ያን ዕለት ቤት ማየት ስለማይገባ ተመለስን። በሳምንቱ ስንመጣ የሕንፃውን ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት የሚመሩት ጡረታ የወጡ ነርስ ተቀበሉን። እኔ ስለ ካርታውና ስለ ውኃው ጠየቅሁ። እናቴ ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ «እንዲያው ደረጃውን ማን ይጠርጋል?» አለቻቸው። ሴትዮዋ ፈገግ ብለው «እማማ፣ ይኸውልዎት» ብለው አንድ የተጠቀለለ ደብተር ከመሳቢያ አወጡ። በደብተሩ የሕንፃው ሃያ ቤቶች ቁጥር በየገጹ ተጽፏል፤ ከእያንዳንዱ ትይዩ የወር መዋጮው፣ የተከፈለበት ቀንና የከፋዩ ፊርማ አለ። ያልከፈሉት ገጽ ላይ ምክንያቱም ሰፍሯል፤ አንደኛው ላይ «ባለቤቱ ታመው ሆስፒታል ናቸው፤ ኮሚቴው ለሦስት ወር አሳልፎላቸዋል» ይላል። ደረጃው በየፎቁ በተራ ይጠረጋል፤ የጥበቃውና የኮሚናሉ ጽዳት ክፍያ ከመዋጮው ይወጣል። በመጨረሻው ገጽ ለሕንፃው ቀለም የወጣው ወጪ ከነደረሰኙ ተለጥፏል።

እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ግን ደብተሩን ተቀብላ ፊርማዎቹን በጣቷ እየነካች አየቻቸው። ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ጓሳ አነሣችልኝ። መንዝ ላይ ጓሳ የሚባለውን የጋራ ሣር ምድር የማያውቅ የሰሜን ሸዋ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ የቤት ክዳኑም፣ ገመዱም፣ የድርቅ ጊዜ የከብት ግጦሹም ከዚያ ነው። ከቀድሞ ጀምሮ የአቅኚ አባቶች ተወላጆች በጋራ ያስተዳድሩት ስለነበር፣ ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጋል፤ የተመረጠ አለቃ አለው፣ ተጠቃሚውም በየተራው ይጠብቀዋል፤ የሚከፈትበት ቀን ሲታወጅ ሁሉም ማጭዱን ይዞ በአንድ ቀን ይወርዳል። አባቷ ተረኛ ጠባቂ እንደነበረ ነገረችኝ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ በሚቀጥሉት ዓመታት ሣሩ እንዴት እንደተጋጠና እንደሳሳ እርሷ በዓይኗ አይታለች። ዛሬ ጓሳ በአካባቢው ማኅበረሰብ ተጠብቆ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታይበት ቦታ መሆኑ የታወቀ ነው። «ደብተር ካላቸው ይጠብቁታል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ቤቱ ምርጫ ብዙ አልተናገረችም።

ያ ንግግር ነገሩን ሁሉ በሌላ ዓይን እንዳየው አደረገኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ የጋራ ኑሮንና የግል ኑሮን የማወዳድር ይመስለኝ ነበር፤ በእውነቱ ግን ሁለቱም ቤቶች የጋራ ነገር አላቸው። ልዩነቱ በአንደኛው የጋራው ነገር ጽሑፍ፣ ኮሚቴና ሕግ ያለው መሆኑ፣ በሌላው ግን እንደሌለ ተቆጥሮ መተዉ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ይህንኑ ነው የሚለው፤ የምትገዙት ቤት የግል ንብረታችሁ ሲሆን፣ በደረጃው፣ በጣሪያው፣ በውጭው ግድግዳና በሌሎቹ የጋራ መጠቀሚያዎች ላይ ከቤቱ ተነጥሎ ሊሸጥ የማይችል የጋራ ድርሻ ይኖራችኋል፤ ባለቤቶቹ በሙሉ የሕንፃው ማኅበር አባላት ናቸው፣ ለጋራ ወጪውም መዋጮ ይከፍላሉ። አዋጁ ለሁሉም ኮንዶሚኒየም አንድ ነው፤ ደብተሩ ግን ከሕንፃ ሕንፃ ይለያያል። በዚያው ሰፈር ሁለት ሕንፃ አልፈን ያየነው ሕንፃ ደረጃው ላይ አምፖል የለውም፤ የፍሳሽ ጉድጓዱም ሞልቶ ከፈሰሰ ሳምንት አልፎት ነበር። እዚያ ቢሆን ኖሮ ያለ ጥርጥር ግቢውን እንገዛ ነበር።

«መሬት መሬት ነው» ለሚለውም ምክር መልስ መስጠት ይገባኛል፤ የሚሉት ሰዎች ከተሞክሮ ነውና። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወደ መንግሥት ከዞረ ወዲህ ማንኛችንም መሬቱን በባለቤትነት አንገዛም። በሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 መሠረት ለመኖሪያ የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው፤ የምንገዛው የመጠቀም መብቱንና በላዩ ላይ የቆመውን ቤት ነው። ይህ መብት ትልቅ ዋጋ ያለው መሆኑን አልክድም፤ የግቢው ካርታ በአንድ ሰው ስም ስለሚሆን ማፍረስም፣ መጨመርም፣ ለልጆች ማካፈልም ይቀላል። ነገር ግን የሊዝ ቀሪ ክፍያ አለመኖሩን፣ በካርታው ላይ ያለው ስፋትና አጥሩ የያዘው ቦታ አንድ መሆኑን፣ ያለ ፈቃድ የተጨመረ ክፍል አለመኖሩን ሳያረጋግጡ መፈረም አደገኛ ነው። በኮንዶሚኒየም በኩል ደግሞ የመጀመሪያው ባለዕጣ የባንክ ብድሩን ከፍሎ መጨረሱን፣ ዕጣው የወጣላቸው ሰዎች ቤቱን እንዳይሸጡ የተጣለው የአምስት ዓመት ገደብ ማለፉን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለቱንም በከተማው መሬትና ቤት ጽሕፈት ቤት ሄደን ፋይሉን አስወጥተን ነው ያየነው፤ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።

የገዛነው የአንደኛ ፎቁን ነው። ከገባን ስምንት ወር ሆኖናል። የጎደለብኝን አልደብቅም። ልጆቼ አፈር ላይ አይጫወቱም፤ ከሕንፃዎቹ መካከል ያለው ሜዳ ሰፊ ቢሆንም የመኪና ማቆሚያም ነው፤ ኳስ ስትሄድ ሁልጊዜ ከመስኮት ቆሜ ነው የምጠብቃቸው። እናቴ ከሞላሌ ያመጣችው የጌሾ ችግኝ በቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ባልኮኒው ላይ አለ፤ ያድጋል ብዬ አላስብም፤ እርሷ ግን በየማለዳው ውኃ ትሰጠዋለች። ለፋሲካ የገዛነውን በግ ለሁለት ቀን እንኳ የምናስርበት ስላልነበረ በዋዜማው ነው ያመጣነው። ጠዋት ስነሣ ከደጄ ወጥቼ መሬት የመርገጥ ፍላጎቴ አልጠፋም፤ የሚጠፋም አይመስለኝም። ባለቤቴ ደግሞ ማታ ዘግይታ ከሥራ ስትመለስ ጥበቃው በር ላይ መኖሩንና ደረጃው መብራቱን ብቻ ቆጥራ በምርጫችን አንድም ቀን አልተጸጸተችም። እናቴ በሕንፃው ሴቶች ማኅበር ገብታለች። በየወሩ በ21 የማርያም ቀን ተራው በደረሰው ቤት ይዘከራል፤ ሚያዝያ ላይ የእኛ ነበር፤ ሳሎናችን ጠብቦ ጎረቤታችን የእርሷን በር ከፍታ የሁለታችንን ቤት እንደ አንድ አድርገን ነው ያስተናገድነው። የደረጃው ተራ ሲደርሰን ልጆቹ ሊጠርጉላት ይሻሉ፤ እርሷ ግን መጥረጊያውን አትሰጣቸውም።

በአሁኑ ሰዓት በሕንፃችን ላይ ያለው ጉዳይ የጣሪያው አሸንዳ ነው። በሰሜን በኩል ያለው ዝጎ ተበስቶ፣ ባለፈው ክረምት የአራተኛ ፎቁን ግድግዳ አርጥቧል። ጣሪያው የሁላችንም እንጂ የአራተኛ ፎቅ ሰዎች ብቻ አይደለም ተብሎ ከሃያው ቤት እኩል እንዲዋጣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ በስብሰባ ተወስኗል። ከመሬት ቤቶቹ አንዱ «እኔ ዘንድ ዝናብ አይደርስ» ብለው ተቃውመው ነበር፤ ሊቀ መንበሯ የፍሳሽ ጉድጓዱ በሞላ ጊዜ ከላይ ያሉት ሁሉ መክፈላቸውን ከደብተሩ አንብበው አሳዩአቸው፤ እርሳቸውም በማግስቱ ድርሻቸውን አመጡ። እስከ ትናንት ድረስ 17 ቤት ከፍሏል። ቆርቆሮ ሠራተኛው ሰኔ ከመግባቱ በፊት እንዲጀምር ተነጋግረናል፤ መሰላሉን እኔ እንድይዝለት ተመድቤአለሁ።